ሽፋን ይገልጣል፤ ሽፋን ይሸፍናል

በቋንቋችን «ሽፋን» የሚለው ቃል ሁለት ጠባይ አለው። የመጽሐፍ ወይም የመጽሔት ሽፋን ስንል ለዓይን ቀድሞ የሚታየውን፣ ገዢን የሚጠራውን፣ በውስጥ ያለውን ነገር የሚያስታውቀውን ገጽ ማለታችን ነው። ነገሩን ሸፈነው ስንል ግን ከዓይን ሰወረው፣ እንዳይታይ አደረገው ማለታችን ነው። አንዱ ግሥ ማሳየትንም መሰወርንም አዝሎ መገኘቱ የቋንቋው ጉድለት አይደለም፤ የነገሩን ባሕርይ በትክክል መግለጡ ነው እንጂ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የተነሣው ከዚህ ቃል ነው። የቀድሞ ስፖርተኞችን መልክ ይዘው የወጡ ጥቂት የታወቁ የመጽሔት ሽፋኖችንና ሥዕሎችን እየጠቀስሁ፣ እያንዳንዱ ምን እንደ ገለጠና ምን እንደ ሸፈነ ለመመርመር እሞክራለሁ። ነገሩ ከሩቅ አገር ቢጀምርም የሚያርፈው በእኛው ደጃፍ፣ በሆሳዕናና በዱራሜ ነው።

ለዚህ ምርመራ ያነሣሣኝ ከልጅነቴ የቆየ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በሆሳዕና ከተማ ስንማር፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን የመጀመሪያው ሥራችን ደብተር መለበድ ነበር። ጋዜጣ ያገኘ በጋዜጣ፣ የስሚንቶ ከረጢት ያገኘ በከረጢቱ ወረቀት ይለብዳል፤ ባለ ቀለም የመጽሔት ወረቀት ያገኘ ልጅ ግን በክፍሉ ውስጥ እንደ ባለጸጋ ይታያል። በአንድ ዓመት ለእኔ የደረሰኝ ከቆየ የእንግሊዝኛ መጽሔት የተቀደደ ሽፋን ነበረ። በላዩ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ግንባሩን የሚከልል ቆብ ያደረገ፣ ወፍራም ዱላ በሁለት እጁ ጨብጦ ከትከሻው በላይ ያነሣ ሰው ይታያል። ስሙ ሳይጻፍበት አልቀረም የሚባለው የታችኛው ጠርዝ ተቀዶ ስለ ነበረ፣ ማንነቱን የሚነግረን ነገር አልነበረም።

አንዱ ጓደኛችን ዱላውን አይቶ፣ «ይህ ሌባ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «ዘበኛ ከሆነ ስለ ምን ነጭ ይለብሳል? ይህስ የገና ተጫዋች ነው» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ሲበረታ መምህራችንን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሥዕሉን ጥቂት ተመልክተው፣ «ቤዝቦል የሚባል የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው፤ ሰውየውን ግን እኔም አላውቀው» አሉን። ዓመቱ ሲያልቅ ሽፋኑም ተቀዳደደ፤ የሰውየውም ፊት ከእጄ ላብ የተነሣ ተላልጦ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ የተመለከትሁትን ሰው ስሙን ሳላውቅ፣ ያ ዱላ ኳሱን አግኝቶ እንደ ሆነ፣ ስቶም እንደ ሆነ ሳልረዳ ቀረሁ።

አሁን ግን የአሜሪካ የቆዩ መጽሔቶች ሽፋን ያለ ብዙ ድካም በኢንተርኔት ይታያል። ስለ ጨዋታው ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ለማስረዳት፣ ቤዝቦል በያንዳንዱ ወገን 9 ሰዎች የሚሰለፉበት የኳስና የዱላ ጨዋታ ነው። ከአንዱ ወገን አንድ ሰው ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን አንዱ በዱላ መትቶ ያርቃታል፤ ከመታም በኋላ በሜዳው ላይ የተመለከቱትን ማረፊያዎች እየረገጠ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል። ጓደኛዬ የገና ተጫዋች ነው ማለቱ እንግዲህ ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ፣ የእኛ ገና በዓመት አንድ ጊዜ ተጫውተውት በቃል ብቻ ሲነገር፣ የእነሱ ጨዋታ የራሱን መጽሔቶች ማፍራቱ ነው። «ቤዝቦል ማጋዚን» የተባለው ወርኃዊ መጽሔት በቦስተን ከተማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበረ። በዚያ ዘመን የመጽሔት ሽፋን በአመዛኙ የሠዓሊ እጅ ሥራ ስለ ነበረ፣ ተጫዋቹ ላብ የሌለበት፣ ልብሱ ያልቆሸሸ፣ ከሰው ሁሉ ተለይቶ የቆመ ጀግና ሆኖ ይታይ ነበር።

በዚያው ዘመን የተጫዋቾች መልክ በትንንሽ ካርዶች ላይ እየታተመ ከሲጋራ ጋር ይሸጥ ነበር። ካርዱም ቢሆን የትንሽ መጽሔት ሽፋን ነው ለማለት ይቻላል፤ ሥራው በፊት ገዢን መጥራት ነውና። ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. በወጡት ካርዶች ላይ ሆነስ ዋግነር የተባለው የፒትስበርግ ተጫዋች መልክ ከታተመ በኋላ፣ እሱ ስላልፈቀደ ሥራው እንዲቋረጥ ተደረገ። ምክንያቱን የሚተርኩ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ልጆች በእሱ ፊት ተስበው ትምባሆ እንዲገዙ አልወደደም ሲሉ፣ ሌሎቹ የተሰጠው ዋጋ አነሰው ይላሉ። የትኛውም ቢሆን፣ ፊቴ የእኔ ነው፤ ለምን እንደሚውል እኔ ልጠየቅ ብሎ የተነሣ ሰው ነበረ ማለት ነው። ከእጅ የወጡት ካርዶች ጥቂት ስለ ሆኑም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። እንዳይሸጥበት የከለከለው ፊት እጅግ ውድ ሆነ።

«ታይም» የተባለው መጽሔት ደግሞ እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1925 የቅዱስ ሉዊስን ተጫዋች ጆርጅ ሲስለርን በሽፋኑ አወጣ። ሲስለር በ1922 እ.ኤ.አ. የመምታት ውጤቱ ከሺህ 420 የደረሰ፣ ማለትም በመቺነት ከቆመባቸው ከሚቈጠሩት ጊዜዎች ከ100 በ42ቱ የተሳካለት ነበረ፤ ይህም ለዚያ ጨዋታ እጅግ የላቀ ውጤት ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በ1923 በሕመም ምክንያት ዓይኑ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳየው ስለ ነበረ፣ አንድም ቀን ሳይጫወት ዓመቱን ሙሉ ተቀምጧል። ሽፋኑ የወጣው ከዚያ መከራ ከተመለሰ በኋላ ነው። የበረታ ሰው ፊት እናያለን፤ ኳስ የምትመታበት ዓይን አንድ ዓመት ሙሉ ሰውየውን እንደ ከዳው ግን ከፊቱ ላይ ማንበብ አይቻልም። ለእኔ ግን የሲስለር ታላቅነት ከ1922ቱ ቍጥር ይልቅ በ1923ቱ ዝምታ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከዚህ የበለጠ ምርመራ የሚገባው የጃኪ ሮቢንሰን ሽፋን ነው። በአሜሪካ ታላላቅ የቤዝቦል ማኅበራት ውስጥ ጥቁር ሰው እንዳይጫወት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተከልክሎ ነበር። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ለብሩክሊን ቡድን ተሰልፎ ያንን አጥር ጣሰ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 22 ቀን «ታይም» በሽፋኑ አወጣው፤ ፈገግ ያለ ፊቱ በብዙ የቤዝቦል ኳሶች ተከብቦ ይታያል። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ወዳጅነትንም ያሳያል። ነገር ግን ያንን ዓመት የሚያውቅ ሰው በፈገግታው ፊት ይቆማል። ሮቢንሰን በየሜዳው ይሰደብ ነበር፤ ለስድቡም መልስ እንዳይሰጥ ከቡድኑ ኃላፊ ጋር ተስማምቶ ነበር። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያለው ፈገግታ የደስታ ብቻ ሳይሆን፣ የተዋጠ ቁጣም መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ፈገግታውን ዓይቶ «ነገሩ ተፈጸመ፤ ሁሉም ተደሰተ» ብሎ መጽሔቱን ቢያጥፈው፣ ሽፋኑ ከገለጠው ይልቅ የሸፈነው ይበዛል።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር አለ። ጆሽ ጊብሰን የተባለው ጥቁር ተጫዋች፣ ለጥቁሮች ብቻ በተለዩት ማኅበራት ውስጥ ብርቱ መቺ ተብሎ የታወቀ፣ ጃኑዋሪ 20 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በ35 ዓመቱ ዐረፈ። ይህም ሮቢንሰን ወደ ሜዳ ከመግባቱ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ ነው። የታላላቆቹ ማኅበራት ባለሥልጣኖች የጥቁሮቹን ማኅበራት ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር የቀላቀሉት በ2024 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጊብሰን በዘመኑ ሁሉ ከሺህ 372 በመምታት የመጀመሪያውን ስፍራ ያዘ። ከሞተ ከ77 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ የአንድ ዘመን ሽፋኖችን የሚመረምር ሰው በላያቸው ያሉትን ብቻ ሳይሆን የሌሉትንም መቍጠር ይገባዋል። ሽፋን የሚሸፍነው አንዳንድ ጊዜ የአንድን ሰው ድካም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሰውየውን ራሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «የሽፋን ሥራ መጽሔቱን ማሸጥ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ የሰውን ሕይወት ሁሉ አምጡ ማለት ፍርድ አይደለም» ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። እኔም ሽፋን ሁሉን ይናገር አልልም፤ በሩን ክፍት ይተው እላለሁ እንጂ። ይህም የሚቻል ለመሆኑ «ስፖርትስ ኢለስትሬትድ» የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1954 ያወጣው የመጀመሪያው ቍጥር ምስክር ነው። የሚልዋኪው ተጫዋች ኤዲ ማቲውስ በሌሊት መብራት ዱላውን ሲወነጭፍ ይታያል። ነገር ግን ብቻውን አይደለም። ከኋላው ኳስ የሚቀልበው የተቃራኒው ቡድን ሰው ተንበርክኳል፤ ከእሱም ኋላ ዳኛው አጎንብሶ ያያል፤ ከሁሉም በላይ የሜዳውን ደረጃ የሞላው ሕዝብ አለ። ይህን ሥዕል የሚያይ ሰው ስለ ቤዝቦል ምንም ባያውቅ እንኳ፣ የአንዱ ጀግንነት ያለ ተቃራኒ፣ ያለ ዳኛና ያለ ተመልካች እንደማይገኝ ይረዳል። ሽፋኑ የሰውየውን ዝና ሳይቀንስ የዝናውን ምንጭ አሳየ። በእኔ አስተያየት ከላይ ከጠቀስኋቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በታላላቆቹ የውጭ መጽሔቶች ሽፋን የታየችው አስቀድሞ በንጉሠ ነገሥቷ ፊት ነበረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ«ታይም» ሽፋን የወጡት በዘውድ በዓላቸው ማግሥት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1930 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሁለተኛ ደግሞ ጃኑዋሪ 6 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ሰው ተብለው ነው። በሁለቱ መካከል፣ ጦርነቱ ሊጀመር በተቃረበበት በ1935 እ.ኤ.አ.፣ አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ወደ አገራችን መጥቶ ብዙ ሥዕሎችን አነሣ። ከሥዕሎቹም መካከል እጅግ የታወቀው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ እግር። የወታደሩ ፊት በሥዕሉ ውስጥ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በፊታቸው፣ ወታደሩ በእግሩ ታወቁ ማለት ነው።

ከ25 ዓመት በኋላ ያው ዓይን ሌላ ባዶ እግር አገኘ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ የማራቶንን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ፈጽሞ የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ። ቀኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የእንቍጣጣሽ ዋዜማ ነው። በአገር ቤት ችቦ በሚለኰስበት ምሽት፣ በሮማ የጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ የኢጣሊያ ወታደሮች ግራና ቀኝ ቆመው ችቦ አብርተውለት ሮጠ። ከአክሱም ተነቅሎ በሮማ አደባባይ በቆመው ሐውልት አጠገብ አለፈ፤ በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር ጨረሰ። ያ ሐውልት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ወደ አገሩ አልተመለሰም ነበር። በአንድ ምሽት ይህን ያህል ነገር የተሰበሰበበት ሩጫ በስፖርት ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ዓለም ከዚህ ሁሉ መርጦ ያስቀረው ግን ባዶ እግሩን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን የሕይወት ታሪኮቹን ሽፋን እንመልከት። ፖል ራምባሊ የጻፈው አርእስቱ «በባዶ እግሩ የሚሮጠው» ይላል፤ ቲም ጁዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመውም በአርእስቱ ውስጥ ባዶ እግርን አልተወም። ልጁ ጽጌ አበበ በ1996 እ.ኤ.አ. የጻፈችው መጽሐፍ ግን ድልና መከራን በአርእስቱ አጣምሮ ይዟል። እንግዳዎቹ እግሩን አዩ፤ ልጁ ግን አባቷን አየች። በመጽሐፎቹ ውስጥ ያለው ታሪክ ሰፊ መሆኑን አልክድም፤ ሁለቱም ደራሲዎች ደክመዋል። የምመረምረው ሽፋኑን ነው፤ ከመቶ ሰው መጽሐፉን የሚገልጠው ጥቂት ሲሆን ሽፋኑን የሚያየው ሁሉም ነውና።

ባዶ እግሩ ምን ይሸፍናል? በመጀመሪያ ሥራውን ይሸፍናል። አበበ በሮማ ባዶ እግሩን የሮጠው የተገኘለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነው፤ ያም ሆኖ ለዚያ ቀን የበቃው በክብር ዘበኛ ውስጥ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር በሰዓት እየተለካ በሠራው ብርቱ ልምምድ ነው። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ግን ከተራራ ወርዶ በድንገት ያሸነፈ የዱር ሰው አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ሁለተኛም የበለጠውን ድሉን ይሸፍናል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንቶች በኋላ፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ይህም ከሮማው በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የፈጠነ ነው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም ከሰው ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። በፍጥነቱ ብቻ ከፈረድን ታላቁ ሥዕል ባለ ጫማው ነበረ፤ ባለ ጫማ ኢትዮጵያዊ ግን ለዓለም ዓይን እንግዳ ስላልሆነ ሽፋን አልሆነም። ነገሩን የበለጠ የሚያስደንቀው፣ ኋላ አንድ የውጭ አገር የጫማ ፋብሪካ ጫማውን በቢቂላ ስም መጥራቱና ቤተ ሰቡ በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ ፍርድ ቤት መሄዱ ነው። የሆነስ ዋግነርን ጥያቄ ሌሎች በአበበ ፈንታ ጠየቁለት።

ሦስተኛም ሌላውን ሰው ይሸፍናል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ በጉዳት ምክንያት ሩጫውን ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረ፤ በዚያው ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በሙኒክ ደግሞ በማራቶን ነሐስ አገኘ። ማሞ ጫማ አድርጎ ስለ ሮጠ ይሁን፣ ሁለተኛ ሆኖ ስለ መጣ ይሁን፣ በየግድግዳው ላይ ሥዕሉን ማግኘት ችግር ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም፣ ከዚያ ቀን በሕዝብ ልብ የቀረው ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ነው። ሥዕሉ ክቡር ነው፤ ነገር ግን የቀሩትን ተጫዋቾች ስም በቃሉ የሚጠራ ተማሪ ዛሬ ስንት ይገኛል?

በዱራሜ ገበያ አጠገብ በአንድ ሻይ ቤት ውስጥ ይህን ነገር ከወዳጆቼ ጋር ስናነሣ፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሰምተው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ባዶ እግሩን መሮጡ ምን ያስደንቃል? በዚያ ዘመን እኛም ገበያ የምንወጣው ባዶ እግራችንን ነበር። የሚያስደንቀው ማሸነፉ ነው።» ከዚህ የሚበልጥ ሂስ ጽፌ አላውቅም። ለባዕድ ዓይን ተአምር የሆነው ነገር ለእኒህ አባት የዘወትር ኑሮ ነበረ፤ ለባዕድ ዓይን የተሰወረው ሥራ ግን ለእሳቸው ግልጽ ሆኖ ታያቸው።

አሁን በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ፀጉር ቤቶችና ሻይ ቤቶች ግድግዳ ላይ ምን ተለጥፎ እንደሚገኝ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። የእንግሊዝ ቡድኖች ተጫዋቾች ናቸው። ይህን በመንቀፍ ቀኔን አላጠፋም፤ ጨዋታው ያማረ ነው፤ ልጆቹም ይወዱታል። ነገር ግን የከተማውን ስም ይዞ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የተሰለፈው ሀዲያ ሆሳዕና እያለ፣ ከእሱም በፊት በየትምህርት ቤቱ ሜዳ በጨርቅ ኳስ ስማቸውን ያስጠሩ ሰዎች እያሉ፣ የእነዚህ መልክ በግድግዳ ላይ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የጊብሰን ነገር በእኛም አለ ማለት ነው፤ የሚለየው እሱ ቢያንስ ውጤቱ ተመዝግቦ ስለ ቆየ ከ77 ዓመት በኋላ ሊነሣ መቻሉ ነው። ያልተመዘገበ ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ይነሣል?

ከስፖርቱም አልፎ ዛሬ በአካባቢያችን ትልቁን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሽፋን አለ፤ እሱም በስልክ የሚላከው ፎቶግራፍ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። ይልቁንም በያሆዴና በመሳላ በዓል ሰሞን፣ ዘመድ ሁሉ በሚሰባሰብበት ጊዜ፣ ሥዕሉ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። አንድ ወጣት በሱቅ ደጃፍ ቆሟል፤ ከኋላው መደርደሪያው ሞልቷል፤ ጫማው አዲስ ነው፤ ፈገግታውም የሮቢንሰንን ይመስላል። በሥራዬ ምክንያት የትምህርት ማስረጃ ሊያወጣ ከመጣ አንድ ልጅ ጋር ስንነጋገር ስልኩን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩት፤ ስምንተኛ ክፍል አብረን የተማርን ልጅ ነው» አለኝ። እኔም፣ «ሱቁ የማን ነው?» አልሁት። «የእሱ ይመስለኛል» አለ። «ይመስለኛል ነው ወይስ ነግሮሃል?» ብዬ ብጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እሱን እንኳ አልጠየቅሁትም» አለኝ።

ያ ሱቅ የልጁ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ የተቀጠረበትም ሊሆን ይችላል፤ ሲያልፍ ብቻ የቆመበትም ሊሆን ይችላል። ተሳክቶላቸው ቤተ ሰባቸውን የሚረዱ፣ በአገር ቤትም ቤት የሠሩ አያሌ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሥዕሉ መንገዱን አያሳይም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር ቴቴ በምትባለው አውራጃ፣ በአንድ የጭነት መኪና ሳጥን ውስጥ የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሎ ተነገረ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ከመነሣቱ በፊት አንድ የሱቅ ደጃፍ ሥዕል ዓይቶ ያልነበረ ይኖር ይሆን? የመጽሔት ሽፋን ቢሸፍን የሚጎዳው እውቀታችንን ነው፤ ይኸኛው ሽፋን ግን ሕይወት ያስከፍላል። አንድን ሥዕል አንሥቶ «ከዚህ በፊት ምን ነበረ? ከጎኑ ማን አለ? ማን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ቅንጦት ሳይሆን ለወጣት ሁሉ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው የምለው ስለዚህ ነው።

የቅኔ መምህራን ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያልፈለገ ተማሪ ቅኔውን ሰማ አይሉትም። ሽፋንም ሰም ነው። መልካም ሽፋን ሰሙ የጠራ ሆኖ ወደ ወርቁ የሚመራ፣ እንደ 1954ቱ የማቲውስ ሥዕል በአንድ ሰው ዙሪያ ሌሎቹንም የሚያሳይ ነው። ክፉ ሽፋን ሐሰት የተናገረ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን በከፊል ተናግሮ ቀሪውን መጠየቅ እንደማያስፈልግ የሚያስመስልም ክፉ ነው። የአበበ ባዶ እግር እውነት ነው፤ የሮቢንሰን ፈገግታ እውነት ነው፤ የሱቁም ደጃፍ እውነት ነው። ጥፋቱ ገጹን ሳንገልጥ በእነሱ ላይ ስንቆም ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስቤ ጽሑፌን እፈጽማለሁ። መምህራን በቋንቋም ሆነ በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ የታወቀ ሥዕል ለተማሪዎች እያሳዩ፣ የሚታየውንና የማይታየውን ለይተው እንዲጽፉ ቢያለማምዷቸው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ትምህርት ነው፤ የአበበ ሥዕል ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። በየከተማው የባህልና የስፖርት ሥራ የተሰጠን ደግሞ፣ የቀድሞ ተጫዋቾቻችንና ሯጮቻችን ፎቶግራፍ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተላልጦ ሳይጠፋ ብንሰበስበው፣ ከእያንዳንዱም ጀርባ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ቦታውንና አብረውት የነበሩትን በእርሳስ ብንጽፍ፣ ለሚመጣው ትውልድ ታላቅ ሥራ ነው። ሥዕሉን የሚያይ ልጅ መልኩን አይቶ ይደሰታል፤ ገልብጦ ሲያይ ደግሞ ሰውየውን ያገኘዋል። እኔ ዓመቱን ሙሉ በደብተሬ ላይ የተሸከምሁት ሰው እስከ ዛሬ ማን እንደ ነበረ አላወቅሁም፤ የተቀደደው የስሙ ጠርዝ ብቻ ነበረና።